ለእህቴ የዝምታ ቤት፤ ከጅማ እስከ ጋምቤላ

ማክሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጅማ ተነሳሁ። ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልኩት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ የለፋሁበት ንድፍ ተጠቅልሏል። ንድፉ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች፣ ወፍራም የእንጨት ግድግዳና አንዲት ጠባብ በር ያላት፣ በዛፎች መካከል የምትቆም የዝምታ ቤት ነው። ቤቷ የታላቅ እህቴ የትርሲት ናት።

ትርሲት ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ነርስ ሆና ስትሠራ ስምንት ዓመቷ ነው። በማንኛውም ሰዓት ብደውልላት ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ ታነሳለች። ባለፈው ወር ግን ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ። “ዳዊቴ፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፍቷል። ዝም ብዬ የምቀመጥበት ቦታ ካላገኘሁ ሥራውን ልለቅ ነው” አለችኝ። ያንን ሥራ እንዴት እንደምትወደው ስለማውቅ ያንኑ ማታ ቤቷን መንደፍ ጀመርኩ። የምትኖርበት መንደር ሽማግሌዎች ከመኖሪያዋ ጀርባ ካለው ጫካ ትንሽ ቦታ ፈቅደውላታል፤ አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ አደራ ብለው። እኔ ኑሮዬ የእንጨት ሥራ መንደፍ ነው፤ ጭንቀት ደግሞ ከእናቴ የወረስኩት ሀብቴ ነው።

በደሌ ላይ ፍርፍር በልተን መቱ አደርን። ረቡዕ ጠዋት በሌላ ሚኒባስ ጎሬን አልፈን ቡሬ ስንደርስ ብርድ ነበርና ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ከቡሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል። በየኩርባው ጆሮዬ ይደፈናል፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ “በስመ አብ” ባሉ ቁጥር እኔም አብሬ አልኩ። ግማሽ መንገድ ሳንወርድ ጃኬቱ ጭኔ ላይ ነበር።

ኬላ ላይ ፈታሹ ቱቦዬን ከፈተ።

“ምንድን ነው?”

“የቤት ፕላን።”

“የምን ቤት?”

“ዝም ተብሎ የሚቀመጥበት።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። “እኛ እዚህ ሳር ላይ ዝም ብለን ነው የምንውለው። ፕላን አላስፈለገንም” አለና መለሰልኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ጋምቤላ መናኸሪያ ወረድኩ። ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ትርሲት ቀድማ ደርሳ ትጠብቀኝ ነበር፤ አቅፌ ስስማት ትከሻዋ አጥንት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በባጃጅ የባሮን ድልድይ ተሻግረን ወንዙ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። ጠረጴዛ ሁለት ጊዜ አስለወጠችና በመጨረሻ በሩን ፊት ለፊት ከሚያየው ጥግ ተቀመጠች። ከፀሐይ የሸሸች መስሎኝ ዓሣዬን በላሁ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ቤቱን የሚሠራው አቶ ኦኬሎ፣ ጸጉሩ የሸበተ የአኙዋክ አናጢ፣ ንድፌን ጫካው ውስጥ መሬት ላይ ዘርግቶ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ያዘው። ረጅም ጊዜ አየው። እኔ ጥፍሬን በላሁ።

“ይሄ ቋሚ ባሕር ዛፍ ነው?”

“አዎ።”

“ምስጥ ይበላል። አንድ ክረምት። ዘንባባ ይሻላል፤ ዘንባባ ምስጥ አይወድም።” ወረቀቱን ጠቀለለና ሰጠኝ። “ወረቀት ጥሩ ነው። ግን እኔ አሁን አልቆፍርም። መጀመሪያ ሰው ይቀመጣል። ቤት በኋላ ይመጣል።”

ደንቡ እንዲህ ነው። አራት እንጨት ይተክልና በሣር ገመድ ያያይዛቸዋል፤ ባለቤቱ ገብቶ ይቀመጣል፤ እሱ ራሱ “ቦታው ደህና ነው” እስኪል ድረስ ኦኬሎ ዶማ አያነሳም። አምስት ቀን ፈቃድ ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ምጥ ነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት

ትርሲት ከሥራ ስትመጣ እንጨቶቹ ትልቅ ሾላ አጠገብ ተተክለው ነበር። እኔ ሳይቸግረኝ፣ ግድግዳው እንዲታያት ብዬ፣ በሦስቱ ጎን ሸራ ወጠርኩ፤ አራተኛውን እንደ በር እንዲወርድ አድርጌ ሰቀልኩት። ገብታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። “አሁን ጸጥታውን ስሚው” አልኩና ሸራውን ለቀቅኩት።

አምስት እንኳ አልቆጠርኩም። እህቴ ጮኸች፤ ሸራው ተቀደደ፤ አንዱን እንጨት ነቅላ ወጣች። እባብ መስሎኝ ምንጣፉን ገለበጥኩት። ምንም የለም።

ኦኬሎ ውሃ ሰጣት። ትንፋሿ ሲመለስ ነገረችኝ።

“አንድ ጊዜ ከተማ ውስጥ ተኩስ ነበር። ሦስት እናቶችን ከነሕፃኖቻቸው ይዤ የመድኃኒት መጋዘን ገባሁ። በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። እስኪመሽ ድረስ በሩ ተንኳኳ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ለአንተ? አንተማ ያን ቀን ከጅማ በእግርህ ትመጣ ነበር” ብላ ሳቀች፤ እንባዋ ግን ወረደ።

“እኔ አውቃለሁ” አለ ኦኬሎ። “ሲስተር ክሊኒክ በር አትዘጋም። ዝናብ ይገባል፤ አትዘጋም። አንተ በር ስንት ሴንቲ ይሁን ብለህ ጠየቅክ። በር ትፈልጊያለሽ ብለህ አልጠየቅክም።”

አፈርኩ። አንድ ወር ሙሉ ያንኑ መጋዘን ስሥልላት ነበር።

ዓርብ

ሸራውን ጣልነው። የሾላው ግንድ ከጀርባ እንዲሆን እንጨቶቹን ነቅለን ተከልን። ከላይ የሣር ክዳን፣ ከሥር ለክረምቱ ውሃ ጉልበት ድረስ ከፍ ያለ የዘንባባ ወለል፣ ፊቷ ወደ ጫካው ወደሚያስገባው መንገድ፣ ግድግዳ የለም። ይህን ሁሉ በአሮጌው ንድፍ ጀርባ ላይ በእርሳስ ሞነጫጨርኩ።

ትርሲት ጀርባዋን ለሾላው ሰጥታ ተቀመጠች። ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ቅጠል ኮሽ ሲል ትገልጣለች። ኦኬሎ ሄዶ መንገዱ አፍ ላይ እንደ ዘበኛ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠና እንጨት መላጥ ጀመረ። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ሁለቴም ከመቅጽበት አነሳችው። ከዚያ “መሸ” ብላ ተነሳች። ደህና ነው አላለችም። ቅዳሜ ማለዳ ስሳፈርም አልጠየቅኳትም፤ መልሱን ፈራሁ።

ጅማ

እሁድ ማታ ቤቴ ገባሁ። ጸጥታ ማለት ወፍራም ግድግዳ ይመስለኝ ነበር፤ ለሰው ቤት ከመንደፌ በፊት ሰውየው ምግብ ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ማየት እንዳለብኝ ጋምቤላ አስተማረችኝ። ትምህርቱን ግን ምን ላድርገው? እህቴ ሥራዋን ልትለቅ ነው እያልኩ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ።

ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ደገምኩት። አታነሳም። በስምንት ዓመት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ያን መጋዘን፣ ያን በር እያሰብኩ ቦርሳዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች።

“ምን ሆነሽ ነው!” ብዬ ጮህኩባት።

“ምንም። ሾላው ሥር ነበርኩ።”

“ስልኩስ?”

“ቤት ትቼው ነው የሄድኩት። ዳዊቴ… እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። ጉንዳን ጸጉሬ ላይ ወጥቶ ኦኬሎ ነው የቀሰቀሰኝ።”

ቤቱ ገና አልተሠራም። እዚያ የቆሙት አራት እንጨቶች ብቻ ናቸው።