ጳጉሜ ስድስትን የረሳው ፕሮግራም

ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት የቀጠሮ ወረቀት ዘርግተው ቀኑን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። ከወረዱ በኋላ ግን ከሃያ ዓመት በፊት የሆነው ነገር መጣብኝ።

ያኔ ገና ከኮሌጅ ወጥቼ እንጅባራ ውስጥ የመሬት ክርክር በሚሰማ አንድ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። አሮጌው ኮምፒውተር ሲበላሽ የቀጠሮ ደብዳቤ የሚያትመውን ፕሮግራም ወደ አዲሱ አዛወርኩ። ፕሮግራሙ ፐርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ የጻፈው ሰው ሥራ ለቋል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይይዝና ደብዳቤው ላይ በእኛ ይጽፈዋል። ለዚህ የሚያስፈልገውን የቆየ ሞጁል፣ ቀኑን የሚቀይረውን የፕሮግራም ክፍል፣ ስገነባ በትክክል መሥራቱን ሊፈትኑ አብረውት ከመጡት ሙከራዎች ሌሎቹ ሁሉ አለፉ፤ አንዲቱ ብቻ ወደቀች።

ሦስት ቀን ታገልኩ። ነሐሴ ነበር፤ በዘነበ ቁጥር ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ምሳዬ የቀዘቀዘ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ ጫማዬ እርጥብ። ሞጁሉን ደግሜ አወረድኩ፣ እንደገና ገነባሁ፤ ያችው ሙከራ ወደቀች። በኢንተርኔት የጠየቅኳቸው ሰዎች የአሮጌ ሞጁል ነገር እንዲህ ነው፣ ዝለላት አሉኝ። የደከመውን ሰው እንዲህ ያለ ምክር ይጥመዋል። ዘልዬ በግድ ጫንኩት። አለቃዬ ወይዘሮ የሺ አለቀ ወይ ሲሉኝ አልቋል አልኩ፤ ስለ ወደቀችው ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት። የወደቀችው ሙከራ የምትፈትነው ይህችኑ ስድስተኛ ቀን ኖሯል። ፕሮግራሙ ጳጉሜን አምስት ብሎ ስለቆጠረ የአዲሱ ዓመት ቀጠሮዎች ሁሉ ደብዳቤው ላይ ከትክክለኛው ቀን አንድ ቀን አሳልፈው ታተሙ።

መስከረም ሊጋመስ ሲል አቶ በላይ የሚባሉ ገበሬ ከጥሊሊ ማዶ መጡ። ቀጠሯቸው ትናንት ነበር፤ ስላልቀረቡ መዝገባቸው ተዘግቷል። ወረቀቱን ሰጡኝና፣

“እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያነበቡልኝን ቀን ይዤ ነው የመጣሁ” አሉ። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ወረቀቱን ኮምፒውተሩ ከያዘው ቀን ጋር ሳስተያየው አንድ ቀን ይበልጣል፤ የዘለልኳት ሙከራ ትዝ አለችኝ። ለወይዘሮ የሺ ሁሉንም ነገርኳቸው። “አለቀ ስትለኝ ታውቅ ነበር?” አሉኝ።

“አንዲት ነገር እንደቀረች አውቅ ነበር።”

ክርክሩን የሚሰማው ጉባኤ ሰብሳቢ ዘንድ አብረውኝ ገቡ፤ አቶ በላይ ባሉበት ጥፋቴን በራሴ አፍ ተናገርኩ። መዝገቡ ተከፈተ፤ አቶ በላይ ግን ያን ሁሉ መንገድ ዳግመኛ ሊመላለሱ ሆነ። ሞጁሉን ከፍቼ ሳነበው፣ ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ለመለየት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ዓመቱን ለአራት ሲያካፍል ቀሪውን ይስታል። ያረምኩት አንድ መስመር ብቻ ነው። ለቀሩት ባለጉዳዮች ደብዳቤውን በእጃችን አስተካክለን ወደየቀበሌው ላክን።

አሁን ፀጉሬ ሸብቷል፤ የሚወድቅ ሙከራም ከሥራዬ አልጠፋም። ሲደክመኝ ዝለላት የሚል ሐሳብ ዛሬም ይመጣብኛል። አቶ በላይ ቢቆጡኝ ኖሮ እስካሁን እረሳው ነበር መሰለኝ። የዚያን ቀን ሊሄዱ ሲነሱ ግን ትከሻዬን ይዘው፣ “አይዞህ ልጄ፣ ደክሞህ ይሆናል” ነበር ያሉኝ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የመጡት ግን እሳቸው ነበሩ።