«ሁላችንም ደህና ነን» የሚለው የግብዣ ደብዳቤ

ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ሱቅ ለሁለት ይዘናል፤ እሳቸው ከፊት በመስኮቱ በኩል ከስፌት መኪናቸው ጋር፣ እኔ ከኋላ ከኮምፒውተሬና ከፎቶ ኮፒ ማሽኔ ጋር። የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንበኞቻቸውን ሲዋሹ ስሰማ ነው የምውለው።

ክፉ ውሸት ግን አይደለም። አንዲት ሴት ያምና ቀሚሷ አልገባ ብሏት ስታመጣው፣ ጋሼ ጨርቁን በጣታቸው እያሹ «ይሄ የዘንድሮ ሳሙና ጨርቅ ይሰበስባል» ይሏታል። የወገብ ልክ ሲወስዱ ቁጥሩን ጮክ ብለው ጠርተው አያውቁም፤ ሜትሩን አየት ያደርጉና በልባቸው ይዘው ሄደው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። ሱሪ ሲሰፉ ከውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ይተዋሉ፣ ባለቤቱ ሲወፍር ሳይነግሩት ያሰፉለታል። ሰውየውም አልወፈርኩም ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አፌን ይዤ እስቃለሁ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ቢነገረው ምን ይሆናል?» እላቸዋለሁ።

«ይከፋዋላ!»

ለእሳቸው ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለም።

ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው። በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ምግብ ያበስሉ ነበር፤ ሁለት መቶ ልጅ በየቀኑ ስለሚመግቡ ነው መሰለኝ፣ ንግግራቸው ሁሉ ትእዛዝ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሁለቱ ለሥራ ወደዚህ አገር ሲመጡ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ብለው አክስቷ ዘንድ ትተዋት መጡ። አሁን ሠላሳ አንድ ሆኗታል፣ ሂሳብ ታስተምራለች። እነሱ ሁለት ጊዜ ሄደው አይተዋታል፤ እሷ ግን እዚህ መጥታ አታውቅም። የጋሼ ጆሮ ትንሽ ስለደከመ ስልኩን ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት። በዚህም ምክንያት ልጅቷን በዓይኔ ሳላያት በፊት እንደ እህቴ አውቃት ነበር።

እትዬ አንድ ቀን ድስት እንደያዙ ወደቁ። ሐኪሞቹ ጭንቅላታቸው ውስጥ እጢ አገኙ። ቀዶ ሕክምናው ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ እንዲሆን ተቆረጠና ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ አልደበቀቻቸውም፤ እጢው ያለው ንግግር በሚመራው ቦታ አጠገብ ነው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መናገር ላይችሉ ይችላሉ፣ ላይነቁም ይችላሉ አለቻቸው። እትዬ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አፌ ሳይያዝ ልጄን አምጣልኝ።»

ጋሼም ወደ እኔ መጡ። አገር ቤት ያለውን ኤምባሲ ድረ ገጽ ከፍቼ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አነበብኩላቸው፦ የግብዣ ደብዳቤ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ ሕመም ካለ ደግሞ የሆስፒታል ማስረጃ። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡና ደብዳቤውን ያስጽፉኝ ጀመር።

«ውድ ልጃችን፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ፣ እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ናፍቀሽናልና መጥተሽ ጠይቂን ብለሽ ጻፊ።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ። «ጋሼ፣ ይሄ ለኤምባሲው ነው የሚገባው።»

«መጀመሪያ በእሷ እጅ ያልፍ የለ? ታነበዋለች።»

«ታንብበዋ!»

«አውሮፕላን ውስጥ ብቻዋን እያለቀሰች ትምጣ? ትምጣልኝና ቁጭ አድርጌ፣ እጇን ይዤ እነግራታለሁ።» የሆስፒታሉን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፤ ወይ ፍንክች! የኔም ጥፋት አለበት። አፌ እምቢ አለ እንጂ ጣቶቼ ጽፈዋል።

ልጅቷ በዚያ ደብዳቤ አመለከተች። ቀጠሮዋ ደርሶ ስትገባ፣ ትምህርት ሳይዘጋ ለምን አሁን መሄድ ፈለግሽ ብለው ጠየቋት። ናፍቀውኝ ነው አለች። የታመመ አለ ወይ ሲሏት፣ እሷ የምታውቀውን ነው የመለሰችው፤ ሁሉም ደህና ናቸው። የጉዞው ምክንያት አላሳመነንም ብለው ከለከሏት።

ያን ቀን ከኤምባሲው በር ላይ ሆና ደወለች። ቀዶ ሕክምናው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። «አባዬ፣ አይዞህ፣ ትምህርት ሲዘጋ እንደገና እሞክራለሁ» አለች፤ ጭራሽ እሷ ልታጽናናቸው!

ጋሼም «እሺ የኔ ልጅ፣ ምንም አይደል፣ እኛ ደህና ነን» ብለው ስልኩን ዘጉት።

መጋረጃውን እንዴት ገልጬ እንደወጣሁ አላውቅም። «ትምህርት ሲዘጋ ማንን ልትጠይቅ ነው የምትመጣው?» ብዬ ጮህኩባቸው። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ አልተቆጡም። መቀሱን አስቀመጡ፣ የስፌት መኪናውን መብራት አጠፉ፣ «ነይ፣ አብረሽኝ ሂጂ» አሉኝ።

እትዬ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው የጎረቤት በሽተኛዋን እንዴት ትራስ እንደሚደገፍ እያዘዟት ደረስን። ጋሼ አቀርቅረው ሁሉንም ነገሯቸው።

«አልነገርካትም?» አሉ እትዬ።

«እንዳትደነግጥ ብዬ እኮ ነው።»

እትዬ ይሰድቧቸዋል ብዬ ነበር፤ እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ዳበስ አደረጉላቸውና «ስልኩን አምጣ» አሉ።

«ልጄ፣ እናትሽ ነኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ እጢ አለ። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ይከፍቱታል። ከዚያ ወዲያ ማውራት እችል እንደሆነ አያውቁም። አባትሽን እንዳትቆጪ። አሁን አልቅሺ፤ ስትጨርሺ ደውዪና የሚያስፈልገውን ወረቀት እነግርሻለሁ።»

ሦስታችንም ስልኩን እያየን ተቀመጥን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጮኸ። ድምጿ ጎርንኖ «እሺ እማዬ፣ እየጻፍኩ ነው» አለች።

በማግስቱ አዲሱን ደብዳቤ ጻፍን። ጋሼ «ባለቤቴ ታማለች» ብለው ቆሙ። ቆይተው «በጣም» አሉ። ከዚያ ደግሞ «እሱ ‹በጣም› የሚለው ግድ ነው?» አሉኝ። ግድ ነው አልኳቸው። ያንን አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሐኪሟ የቀዶ ሕክምናውን ቀን ጽፋ ማኅተም አድርጋ ሰጠችን፣ ሁሉንም ስካን አድርጌ ላክሁ፣ የአስቸኳይ ቀጠሮም ተገኘ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ከአባትሽ ደብዳቤዎች የትኛውን እንመን አለቻት። ልጅቷ እኔም አላውቅም ነበር፣ ደብቀውኝ ነው ብትል ማን ይስማት? ሴትዮዋ አጣርቼ አሳውቅሻለሁ ብላ አሰናበተቻት።

ከሦስት ቀን በኋላ የሱቁ ስልክ ጠራ። ሴትዮዋ ራሷ ነበረች። ጋሼ አፋቸው ውስጥ የነበረውን መርፌ አውጥተው ቆሙ።

«በመጀመሪያው ደብዳቤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሏት። «ልጄ የዋሸችው ነገር የለም። እንዳይከፋት ብዬ ደበቅኋት።»

ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ጠረጴዛውን ያዙ። «ላትነቃ ትችላለች አሉን። ብትነቃም ላታናግረን ትችላለች። እኔ ፈርቻለሁ፣ እመቤት። ልጄ እናቷ ስትናገር ሳትሰማት ትቀራለች ብዬ በጣም ፈርቻለሁ።»

ሴትዮዋ አመሰግናለሁ ብላ ዘጋች። በማግስቱ ልጅቷ የሠላሳ ቀን ቪዛ ተመታላት።

ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ከአውሮፕላን ማረፊያው የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ እትዬ መጀመሪያ ያሏት «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው የሆኑትን አልጽፈውም፤ እዚያ የነበርን እንወቀው።

ጋሼ ቀስ ብለው ወጥተው በሩን ዘጉት። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ከውስጥ የእትዬ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ።

«ግቡ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሰምቻታለሁ» አሉኝ። «ዛሬ የእሷ ተራ ነው።»

ነርሷ ሰዓት አልቋል እስክትል ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሱም።

እትዬ በሕይወት ወጡ። ይስቃሉ፣ እጅ ይጨብጣሉ፣ ሰው ሁሉ ያውቃሉ። መናገር ግን አልቻሉም። ሐኪሟ ጊዜ ይፈልጋል ትላለች። ልጅቷ ሠላሳ ቀኗን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋሼ አሁን ትምህርት ቤቷ ሲለቀቅ በየቀኑ ይደውሉላታል። ከሰላምታ በኋላ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፤ «ያን ቀን ምን ምን አለችሽ?» እሷም ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርስባቸውም፣ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገች ትነግራቸዋለች። አንድ ቀን ስለተወለደችበት ዝናብ፣ ሌላ ቀን እናቷ በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን ሳያስፈቅዱ ስለሸጡት አልጋ። ጋሼ ይስቃሉ፣ «እሱን ለእኔም አልነገረችኝ!» ይላሉ።

ትናንት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስለኔስ ምንም አላለችም?» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ብላለች» አለች ልጅቷ። «‹አባትሽ ሥራ ከያዘ ምሳውን ይረሳል። እኔ መናገር ካልቻልኩ አንቺ ንገሪው› ብላኛለች። በልተሃል አባዬ?»

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

«አልበላሁም» አሏት።

ስልኩን ሳይዘጉ ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። እሷ እዚያ ሆና ጠበቀቻቸው፤ እሳቸውም እያለቀሱ በሉ።