የካርቱኑ ደረጃ

ባሌ ይግዛው ወታደር ነበር። በእጁ ስለጠፋው ነፍስ ለንስሐ አባቱ እንጂ ለእኔ ዘርዝሮ ነግሮኝ አያውቅም። የማውቀው «ከእንግዲህ እጄን በሰው ላይ አላነሳም» ብሎ መማሉን ነው። ያገባሁትም በዚያ መሐላ ነው። አባቴ እናቴን ሲደበድብ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሌላውን ሁሉ እችላለሁ፣ ዱላ ግን አልችልም።

ስቶክሆልም፣ ጋምላ ስታን በሚሉት አሮጌ ሰፈር፣ አብረን መንገድ እናጸዳ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሁለት ጃፓናውያን እህትማማቾች የአንድ ካርቱን ፊልም ሥዕል ይዘው መጡ። ታናሽየዋ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሥዕሉ ላይ ጠባብ መንገድና የድንጋይ ደረጃ አለ፤ የተሳለው ይህን ሰፈር ታይቶ ነው አሉን። ለካርቱን ብሎ ባሕር መሻገር! ጉድ በይ ሸዋሉል አልኩ ለራሴ።

ይግዛው ደረጃውን አወቀው። የሚጠርገው እሱ ነዋ።

«በጣትህ አሳያቸውና ና፣ ሥራ አለብን» አልኩት።

«እንግዳ በጣት አይመራም» ብሎ መጥረጊያውን እንደያዘ ቀደማቸው። እየተነጫነጭኩ ተከተልኩ።

ትንሿ ደረጃው ላይ ቆማ እህቷ ፎቶ ስታነሳት፣ ራሳቸውን የተላጩ፣ የውጭ አገር ሰው የሚጠሉ ሦስት ጎረምሶች ከላይ ወረዱ። ያኔ እነሱን ስናይ መንገድ እንቀይር ነበር። አንዱ ካሜራውን ነጥቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ታላቅየዋ ላስጥል ስትል አፏን በቡጢ አላት። ይግዛው መሃል ገብቶ በስዊድንኛ «ተዉ» አላቸው። ፊቱ ላይ ተፉበት፤ ቻለ። ጉልበቱን በቦት ጫማ መቱት፤ ቻለ። እኔ በሆዴ በርታልኝ እላለሁ። ከዚያ አንደኛው ትንሿን በፀጉሯ ጎተታት።

የመጥረጊያው እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። አንዱ ክንዱን ይዞ እየጮኸ ሸሸ፣ ሌላው ተከተለው። ፀጉር ጎታቹን ግን ይግዛው አንገቱን ይዞ ፊቱን ከደረጃው ጠርዝ ጋር አጋጨው። አንዴ ቢሆን እሰይ ባልኩ። ደገመው። ሠለሰው። ጥርሱ ድንጋዩ ላይ ረገፈ። ልጁ እናቱን እየጠራ ያለቅሳል። ይግዛው ፊት ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም፤ የለመደውን ሥራ የሚሠራ ሰው ፊት ነበር።

ስሙን ጠርቼ ስጮህ ለቀቀው። ትንሿን ሊያነሳት እጁን ዘረጋ፤ እጁ እስከ ክርኑ ደም ነው። ልጅቷ ጮኸች። እህቷ ብድግ አድርጋት፣ ከእሱ፣ ከይግዛው ሸሽታ ሮጠች።

ወደ እኔ ዞረ። ላቅፈው ይገባኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እግሬ ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ወረደ። እሱም አየው።

«ሸዋሉል፣ አንቺን አልመታሽም እኮ» አለኝ።