ከመስመር የወጣው ክራንቻ

በነገሩ ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ጂንካ ከተማ የምኖር አናጺ፣ ማንበብና መጻፍ በራሴ ጥረት የተማርኩ ሰው። ሁለተኛዋ የመጀመሪያ ልጄ አስቴር ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሦስተኛዋ ባለቤቴ አልማዝ። አራተኛው አልዱባ ገበያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጥርስ የሚነቅል ሰው ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። አምስተኛው ሙዳ የሚባሉ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ ናቸው። ስድስተኛው የጤና ጣቢያችን ድሬሰር ነው፤ እሱ የገባው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት፣ ልጅ ማሳደግ ከእኔ ወዲያ ላሳር ብዬ በምኮራበት ሰዓት ስለደረሰብኝ ነው።

በዚያ ዓመት የአስቴር የላይኛው ክራንቻ በቀኝ በኩል ሁለት ሆነ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ከሌሎቹ ጥርሶች ጋር በአንድ መስመር ቆሟል። ሌላው ከሱ በላይ ድዷን ቀዶ ወደ ውጭ የወጣ፣ ትልቅና ሹል ነው። የትምህርት ቤት ልጆች «ጅቢት» ይሏት ጀመር። ከመዘምራን ጋር ስትቆም አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቤት ውስጥም ሳቋ ጠፋ።

አናጺ ነኝና በዓይኔ ለካሁት። በእኔ ሙያ ከመስመር የወጣ ምስማር በጉጠት ይነቀላል፤ መስመሩን የጠበቀው ይቀራል። ልጆቼንም የምመክረው እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ቀድሞ ቦታውን የያዘ ባለመብት ነው፣ ዘግይቶ መጥቶ የሚጋፋ ይባረራል። ስለዚህ ትልቁ ይነቀል ብዬ ወሰንኩ።

«እስቲ መጀመሪያ ድሬሰሩ ይየው» አለች አልማዝ።

«ለአንድ ጥርስ ምን ድሬሰር ያስፈልጋል? አልዱባ መጋዘን እየሠራሁ አይደል? እዚያ አንድ ነቃይ አለ፤ እጁ ፈጣን ነው ይሉታል።»

«እኔንስ ያስፈራኝ ፍጥነቱ ነው» አለች።

በገበያው ቀን አስቴርን ይዤ በጭነት መኪና ሄድን። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ከንፈሯን እንደገጠመች ነበር። ፍርሃት መሰለኝና «ሕመም ያልፋል፤ ሥርዓት ግን ይቀራል» ብዬ መከርኳት።

ነቃዩ ሦስት ብሩን አስቀድሞ ተቀበለኝ። ጉጠቱን በአረቄ ጠረገና «የቱ ነው?» አለ።

«ይኼ፣ ከመስመር የወጣው» ብዬ በጣቴ አሳየሁት።

ሙዳ አንዲት ፍየል በገመድ ይዘው አጠገባችን ቆመው ነበር። ማር ስለሚሸጡልኝ እንተዋወቃለን። ጠጋ አሉና የልጄን አገጭ ይዘው «አፍ ክፈቺ» አሏት። እዚያ አገር የፍየል ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሷ ነው፤ እሳቸውም እንደዚያው ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ወዲህና ወዲያ አዩ።

«አናጺ፣ ይኼ ትንሹ የወተት ነው» አሉኝ። «ትልቁ የራሷ ነው። ትልቁን ታወጣለህ፤ ትንሹም ይወድቃል። ከዚያ ባዶ።»

«የፍየል ጥርስና የሰው ጥርስ አንድ አይደለም» አልኳቸው።

«አዎ። ፍየል ይኼ ሹል የለውም። ውሻ አለው።»

ውሻቸውን በፉጨት ጠሩና ከንፈሩን ገልብጠው ክራንቻውን አሳዩኝ። «ቡችላ ሲሆን እንደ መርፌ ነበር። ይኼ ትልቁ መጣ። ትንሽ ቀን ሁለቱም አብረው ነበሩ። ከዚያ መርፌው ወደቀ።»

ገበያተኛው መሰብሰብ ጀመረ። እኔም ተቆጣሁ።

«ልጄን ከውሻ ጋር ያወዳድራሉ?»

«ውሻ አልተማረም» አሉ ረጋ ብለው። «ግን ትልቁን አያስነቅልም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ቅል ሻጭ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ነቃዩ ደግሞ «ልንቀል ወይስ ልተወው? ወረፋ አለብኝ» እያለ ጉጠቱን ያንቀጫቅጫል። ወረፋ የሚጠብቅ አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ ከተናገርኩት ቃል የምመለስ ሰው አልነበርኩም። ያን ቀንም «ንቀል» ልል አፌን ከፍቼ ሳለ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ትንሹ ይነቃነቃል፣ አባዬ» አለችና በምላሷ ገፋ አደረገችው። እንደ ላላ ማጠፊያ ተወዛወዘ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳምንት ሆነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ አልጠየቁኝም።»

ሰው ባይኖር ኖሮ እቆጣት ነበር። ሰው ስላለ አሰብኩ፤ ሳስበው ደግሞ እውነቷን ነው። አይቻለሁ፣ ለክቻለሁ፣ ወስኛለሁ፤ ጥርሱን የተሸከመችውን ልጅ ግን አልጠየቅኋትም። «ተወው፣ አይነቀልም» አልኩት ነቃዩን።

ነቃዩ «ወንበሬን ይዛብኛለች» ብሎ ከሦስቱ ብር አንድ ከሃምሳ ብቻ መለሰልኝ። ለሙዳ ብር ልሰጥ ስል እምቢ አሉ። «ፍየሏን ግዛ» አሉኝ። ዋጋ ልከራከር ስጀምር «መጀመሪያ አፏን ክፈት፤ አሁን ጥርስ ታውቃለህ» አሉ። ከዚያ ሕዝብ ፊት ቶሎ ለመጥፋት ስል በጠሩት ዋጋ ገዛኋት።

ስንመለስ መኪናው ላይ አስቴር ሸንኮራ ስትግጥ ትንሹ ጥርስ በራሱ ጊዜ ወለቀ። መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝና አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። ያን ሳቅ ካየሁት ወራት አልፈው ነበር።

በማግስቱ የባለቤቴን ቃል አክብሬ ድሬሰሩ ዘንድ ወሰድኳት።

«የክራንቻ ሥር ከጥርሶች ሁሉ ረጅም ነው» አለኝ። «ሥጋ የሚዘነጥለው እሱ ነው፤ ከንፈርን ደግፎ የፊትን ቅርጽ የሚይዘውም እሱ ነው። አናጺ ነህ አይደል? የቤት ማእዘን ቋሚ ማለት ነው። ነቅለኸው ቢሆን ኖሮ በቦታው ሌላ አይበቅልም።»

በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የማእዘን ቋሚ ነቅዬ አላውቅም።

ለአስቴር ደግሞ ከፍ ብሎ የወጣ ጥርስ ምግብ እንደሚይዝ ነገራት፤ መፋቂያዋን ከድዱ ጀምራ ወደ ታች እንድታወርድ፣ ድዱን ግን እንዳታቆስል አሳያት። ቦታው ስለተለቀቀለት ቀስ ብሎ እንደሚወርድም ነገረን። ጥርሱም ዓመት ሳይሞላው ወረደ። ትንሽ ያዘነብላል፤ ውሃ ልክ ቢያዝበት አያልፍም። ዛሬ አስቴር ራሷ የልጆች እናት ናት፤ ስትስቅ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ትንሽም አፍራለሁ።

አባት የሆናችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም። እኔ ባለመጠየቄ ለሁለታችን የመኪና ደርሶ መልስ ስምንት ብር፣ ላልነቀለው ነቃይ አንድ ብር ከሃምሳ፣ ለፍየሏ ሃያ ስምንት ብር፣ ለፍየሏ መሳፈሪያ አንድ ብር፣ ለጤና ጣቢያ ካርድ ከአልማዝ የእንቁላል ገንዘብ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለናል። ድምሩ ሠላሳ ዘጠኝ ብር።