ወይኔ!

በግቢያችን ያለውን ጥቁር ወይን ከመርጡለ ማርያም ቅርንጫፉን አምጥተው የተከሉት አያቴ፣ የአባቴ አባት ናቸው። ፍሬው ትንንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ሲበሉት ምላስ ያጠቁራል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ቶሎ ስለማያበስለው እሸቱ ይኮመጥጣል። አያቴ ግን «የሱ ጠባይ የሚታወቀው ሲደርቅ ነው» እያሉ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። እውነትም ዘቢቡ ማር ነው። እኔማ ከነኮምጣጣነቱ ነው የምወደው!

ባለፈው መስከረም አባቴ መጥረቢያ ይዞ መጣ።

«ይሄ ኮምጣጣ ቦታ ይዞ ከሚቀመጥ ጌሾ ብንተክልበት ይሻላል» አለ።

መጥረቢያውን ሲያነሳ ሳላስበው «ወይኔ!» ብዬ ጮኽኩ።

አያቴ ከደጃፉ ላይ ሆነው ሳቁ። «ሰማህ አንተ? የኔ ነው እኮ እያለችህ ነው!»

«ኧረ ደንግጣ ነው፣ አባባ!»

«እሱ ሰሙ ነው። ወርቁ ‹የኔ ወይን› ነው።»

ቅኔ መቀኘቴን እኔም ያወቅሁት ያኔ ነው። ቢሆንም ዕድሉን አላሳለፍኩትም፤ ግንዱን እቅፍ አድርጌ «አዎ፣ ወይኔ ነው!» አልኩ።

አባቴ ሳቁን ሊደብቅ ሞክሮ አቃተው። «ተማክራችሁብኛል!» አለና ከጓሮ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ለሐረጉ መደገፊያ አቆመልኝ።