የማይረግፍ ኑግ

ኑግ ሲደርስ ካልፈጠኑበት ይረግፋል። ስለዚህ የሚታጨደው ማለዳ፣ ጤዛው ሳይለቅ ነው፤ ፀሐይ ከመታው በኋላ ማጭድ ሲነካው ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ይህን ያስተማሩኝ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ጀርባ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከድሮው እርሻቸው የተረፈቻቸው ጓሯቸው ያለች ቁራጭ መሬት ብቻ ነበረች። ልጃቸው ሰርቪስ ቤት ተሠርቶባት እንዲከራይ ትፈልጋለች። እኔ ሞባይል ጠጋኙ ደግሞ፣ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ይዤ፣ በቀትርም ቢታጨድ የማይረግፍ ኑግ አወጣለሁ አልኩ።

«ይህን መኸር እሰጥሃለሁ፤ ካልሆነ ሰርቪሱ ይሠራል» አሉኝ።

ባለፈው ዓመት ከሌሎቹ ዘግይተው ከረገፉት ተክሎች ዘር ለይቼ ነበር፤ እሱን ዘራሁ። ሊያብብ ሲል፣ ከሌላው ኑግ ጋር እንዳይዳቀል ሠላሳ ሁለት እምቡጦች መረጥኩና ከአሮጌ ነጠላ የሰፋኋቸውን ከረጢቶች አለበስኳቸው። እያንዳንዱ ከረጢት ቁጥር ነበረው።

«ዶክተር፣ ብርድ መታቸው እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«ተይው፣ ክርስትና ሊያነሣቸው ነው» አሉ አባቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ንቦቹስ በየት ይግቡ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ዘር የሚያበላሸው እኮ ንብ ነው» ብዬ፣ እያዘንኩላቸው ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው።

ኅዳር ላይ ሁለቱንም ሆን ብዬ በቀትር ጠራኋቸው። የመጀመሪያውን ከረጢት ፈትቼ የአበባውን ራስ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩት። ምንም አልወደቀም። ሁለተኛውም እንደዚያው። እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ድረስ፣ «የረገፈ፦ ዜሮ» እያልኩ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ሽማግሌው አንዱን ራስ ቀጠፉ፣ በመዳፋቸው አሹት፣ እፍ አሉት። መዳፋቸው ላይ አንድ ፍሬ አልቀረም።

«እውነትህን ነው፣ አይረግፍም» አሉ። «ምን ይዞ ይርገፍ?»

ለካ ኑግ ከሌላ ኑግ ካልተዳቀለ ፍሬ አይዝም። ያነበብኩት ትምህርት የስንዴ ነበር። የከረጢቱን ክር ውፍረት ሳይቀር የመዘገብኩት ሰውዬ፣ ርዕሱን አላየሁትም።

ሰርቪሱ ተሠራ። ልጅቷ «ለዶክተሩ ቅድሚያ ይሰጠው» ስላለች ተከራዩ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር ደጃፌ ላይ፣ ከሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ኑግ በቀለ። ሳልሸፍነው ከቀረው የረገፈ ነው። ሽማግሌው ሲያልፉ አዩት።

«ይኸውልህ» አሉኝ፤ «ብቻ እንዳታለብሰው።»