የውሃ ፓምፔ ዛሬ ካስትሮ ቫሊ ሰፈር ላይ ጉድ ሠራኝ

እንጀራዬ መስኮት ማጠብ ነው፤ እያጠብኩ ሳለሁ፣ ከቫኔ ፓምፕ በቱቦ ወደ ረጅሙ ብሩሽ የሚመጣው ውሃ ድንገት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ባትሪ ቀየርኩ፤ ፊልተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ፓምፑን ራሱ ከቫኑ አውርጄ በታተንኩት። ወይ ፍንክች!

የቤቱ ባለቤት እማማ አስካለ ደጅ ቁጭ ብለው ያዩኛል። «ልጄ፣ ቄሱ እንኳ ጸበል ሲረጩ ከዚህ ይሻላሉ» አሉኝ። (አመሰግናለሁ እማማ።)

ይሄኔ ሳንታ ክላራ ከተማ ቀጥሎ የሚጠብቀኝ ደንበኛ ደወለ። «አረፈድክ፤ ቀጠሮውን ካንስል አድርጌዋለሁ።»

እየተቃጠልኩ ቱቦውን ተከትዬ ስሄድ፣ የእማማ ወንበር እግር ቱቦው ላይ ቆሟል!

«እማማ፣ እስኪ አንዴ ይነሱልኝ» አልኳቸው። ሲነሱ ውሃው ፏ አለ።

«አየህ? ትንሽ ትዕግስት ነው የጎደለህ» አሉኝ።

ብሩሼን አንስቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። እናንተስ፣ ቀናችሁን ያበላሸባችሁን ሰው መቆጣት አቅቷችሁ ያውቃል? እስኪ አጫውቱኝ፣ ንዴቴ ይውጣልኝ።